ዝምታን የተወነ ሰው፤ ቪያቼስላቭ ቲኾኖቭና የቴሌቪዥን ትወና

በትያትር ቤት መድረክ ላይ የሚቆም ተዋናይ፣ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች እንዲሰማውና እንዲያየው ድምፁን ከፍ፣ እጁን ዘርጋ፣ እርምጃውን ሰፋ ማድረግ ይኖርበታል። በቴሌቪዥን መስኮት የሚታየው ተዋናይ ግን ከተመልካቹ የሚርቀው ጥቂት ክንድ ብቻ ነው። የሚገባውም ወደ አዳራሽ ሳይሆን ወደ ሰው ቤት ነው፤ እራት በቀረበበት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰዓት ደርሶ ከቤተሰቡ መካከል ይቀመጣል። በዚህ ቅርበት የሚጮህ እንግዳ ያስደነግጣል፤ የሚያስመስል እንግዳም ወዲያው ይታወቅበታል። ስለዚህ ቴሌቪዥን ለትወና ጥበብ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል፤ ይኸውም ተዋናዩ ምን ያህል ያሳያል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ምን ያህል በውስጡ ይዞ መቆየት ይችላል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ከሰጡት ተዋንያን አንዱ ሶቪየታዊው ቪያቼስላቭ ቲኾኖቭ ነው። ቲኾኖቭ የተወለደው በ1928፣ ያረፈው በ2009 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን በእያንዳንዱ የሶቪየት ቤተሰብ ቤት ያስገባው በነሐሴ ወር 1973 ለሕዝብ የቀረበው ባለ 12 ክፍል የቴሌቪዥን ፊልም፣ «አሥራ ሰባት የጸደይ ቅጽበቶች» ነው። ፊልሙ ሲታይ ጎዳናዎች ጭር ይሉ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። የሕዝብ ፍቅር ግን ለሂስ መነሻ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይችልም። መጠየቅ የሚገባው፣ እምብዛም የማይናገርና ስሜቱን በግልጽ የማያሳይ አንድ ተዋናይ ይህን ያህል ተመልካች እንዴት ሊይዝ ቻለ፣ ይህስ ምን አስከፈለው የሚለው ነው።

የፋብሪካው ልጅ

ቲኾኖቭ የተወለደው ከሞስኮ በስተምሥራቅ በምትገኘውና በአበባ ጥለት በታተሙ ሻሾቿ በምትታወቀው የፓቭሎቭስኪ ፖሳድ ከተማ ነው። አባቱ የፋብሪካ መካኒክ፣ እናቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበሩ። የናዚ ጀርመን ጦር በ1941 ሶቪየት ኅብረትን ሲወር ልጁ ገና የ13 ዓመት ታዳጊ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የዚያ ትውልድ ልጆች እርሱም ሙያ ተምሮ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ የቶርኖ ሠራተኛ ሆነ። ብረት በሚቆረጥበት መኪና ፊት ለፊት የቆመው ይህ ወጣት ሕልሙ ሲኒማ ነበር። በ1945 ወደ መላው ሶቪየት ኅብረት የሲኒማቶግራፊ ተቋም ለመግባት ሲፈተን በመጀመሪያ አልተሳካለትም፤ ሆኖም መምህሩ ቦሪስ ቢቢኮቭ ተስፋ አይተውበት ከተማሪዎቻቸው ጋር ቀላቀሉት። ትምህርቱን በ1950 ፈጸመ።

ተማሪ ሳለ በሰርጌይ ጌራሲሞቭ አዘጋጅነት በ1948 በቀረበው «ወጣት ዘብ» ፊልም ከፋሺስቶች ጋር ከተፋለሙት ወጣቶች የአንዱን፣ የቮሎዲያ ኦስሙኺንን ሚና ተጫውቷል። ጅምሩ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን ተዋናዩን የፈተነው ችግር ከራሱ ፊት እንደመነጨ ያሳያሉ። ቲኾኖቭ እጅግ መልከ መልካም ነበር። መልክ ለተዋናይ ስጦታ ቢሆንም በር ከፍቶ የሚያስገባውን ያህል በር ዘግቶ የሚያስቀር ስጦታ ነው። አዘጋጆች ያማረ መኰንን፣ የተመረጠ ጀግና፣ በፎቶግራፍ የሚደምቅ ወጣት ሲፈልጉ ይጠሩታል፤ የሚያስብ፣ የሚሳሳት፣ የሚጸጸት ሰው ሲፈልጉ ግን ሌላ ተዋናይ ይፈልጋሉ።

ይህን አጥር መጀመሪያ የሰበረለት አዘጋጁ ስታኒስላቭ ሮስቶትስኪ ነው። በ1957 በተሠራው «በፔንኮቮ የሆነው» በተባለው ፊልም ቲኾኖቭን ማትቬይ ሞሮዞቭ የሚባል የገጠር ትራክተር ነጂ አደረገው። ይህ መልክ ከጭቃና ከግራሶ ጋር ይስማማል ወይ የሚል ጥርጣሬ በወቅቱ ቢኖርም፣ የቶርኖ ሠራተኛ ሆኖ ያደገው ሰው ከመኪናና ከብረት ጋር መኖርን ከማንም መማር አላስፈለገውም። ቲኾኖቭ በዚህ ፊልም የተጫወተው ግልፍተኛ፣ ተንኮል የማያጣው፣ ፍቅሩ ከግዴታው የሚጋጭበት ሰው ነው። ተመልካቹም ከመልኩ ጀርባ ያለውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

ከልዑሉ እስከ መምህሩ

በ1960ዎቹ ዓመታት ሰርጌይ ቦንዳርቹክ የሌቭ ቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» በአራት ክፍል ሲያዘጋጅ ለልዑል አንድሬይ ቦልኮንስኪ ሚና የተመረጠው ቲኾኖቭ ነበር። ከ1965 እስከ 1967 ለሕዝብ የቀረበው ይህ ግዙፍ ሥራ በ1969 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የፊልሙ ክብር ሰፊ ቢሆንም ተዋናዩ በራሱ ሚና አልረካም። ፊልሙን በጥሞና የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ሊረዳው ይችላል። በጦር ሜዳ ስፋት፣ በብዙ ሺህ ወታደር ሰልፍና በቤተ መንግሥት ጭፈራ መካከል የልዑሉ ኩራት ይታያል፤ የኅሊናው እንቅስቃሴ ግን ዘወትር አይታይም። ከልዑሉ ሐሳብ ይልቅ የልብሱ ስፌት ጎልቶ የሚወጣባቸው ትዕይንቶች አሉ። እዚህ ላይ ቲኾኖቭ ዝም ማለትን አውቋል፤ ዝምታውን በሐሳብ መሙላት ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም።

መልሱ የመጣው ከአንድ ክፍል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሮስቶትስኪ በ1968 ባዘጋጀው «እስከ ሰኞ እንኖራለን» ፊልም ቲኾኖቭ ኢልያ ሜልኒኮቭ የሚባል የታሪክ መምህር ሆነ። ሜልኒኮቭ ጦርነቱን ያለፈ፣ ከወረቀት ከሚነበብ ትምህርት ጋር የተጣላ፣ ድካሙን ከተማሪዎቹ ለመደበቅ የሚጥር ሰው ነው። ለመምህራን በተለይ የማይረሳ አንድ ትዕይንት አለው። በ1905 በሴቫስቶፖል የመርከበኞችን ዓመፅ የመራው ሌተናንት ሽሚት ስሙ ሲነሣ፣ ተማሪው ያን ሰው በሁለት ቃል ጥፋተኛ አድርጎ ያልፈዋል። ሜልኒኮቭ አይቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ሞተው ሰው ሕይወትና ስለ ከፈለው ዋጋ መናገር ይጀምራል። ክፍሉ ቀስ በቀስ ጸጥ ይላል። ተማሪዎቹን ያሸነፈው የመምህሩ ሥልጣን ሳይሆን፣ አንድን ሰው በችኮላ መፍረድ እርሱን ራሱን እንደሚያመው በፊቱ መታየቱ ነው።

ከቲኾኖቭ ሥራዎች ሁሉ የትወና ትምህርት ቤት ሊባል የሚገባው ይህ ሚና ነው። ያማረው ፊት ደክሟል፤ መነጽር ለብሷል፤ ከተናገረው ይልቅ ሳይናገር የተወው ይበልጣል። ፊልሙ በ1969 በሞስኮ ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል የወርቅ ሽልማት ተሸልሟል። ከሽልማቱ የበለጠው ጥቅም ግን ቲኾኖቭ ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ረጅም የዝምታ ሚና መዘጋጀቱ ነው።

ሰምና ወርቅ

«አሥራ ሰባት የጸደይ ቅጽበቶች» በዩሊያን ሴሚዮኖቭ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ያዘጋጀችው ታቲያና ሊዮዝኖቫ ናት። ዘመኑ የ1945 መጀመሪያ፣ ቦታው በቦምብ የምትፈራርሰው በርሊን ነው። የኤስ ኤስ ከፍተኛ መኰንን ማክስ ፎን ሽቲርሊትስ በእርግጥ ማክሲም ኢሳዬቭ የተባለ የሶቪየት የስለላ ሰው ነው። የተሰጠው ግዳጅ፣ ከናዚ ባለሥልጣናት መካከል ከሞስኮ ተደብቆ ከምዕራባውያን ጋር ለመደራደር የሚሞክረው ማን እንደሆነ ማጣራት ነው። ሽቲርሊትስ በልብ ወለድ የተፈጠረ ሰው ቢሆንም ድርድሩ እውነት ነው፤ የኤስ ኤስ ጄኔራሉ ካርል ቮልፍ በዚያው ዓመት ከአሜሪካዊው አለን ዳለስ ጋር በስዊዘርላንድ ተገናኝቷል።

የዚህ ሚና ችግር ለተዋናይ ከባድ ነው። ሽቲርሊትስ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ነው፤ ሁለተኛውን ሰው ግን በዙሪያው ካሉት ማንም ማየት የለበትም። ደካማ ተዋናይ ይህን በቀላል ዘዴ ይወጣዋል፤ ጠላት ጀርባውን ሲያዞር ጥርሱን ያፋጫል፣ ወደ ተመልካቹ ጥቅሻ ይልካል፣ «እኔ የእናንተ ነኝ» ይላል። ቲኾኖቭ ይህን አያደርግም። በዚህ ላይ ከአገራችን የቅኔ ትምህርት የሚወሰድ ምሳሌ የሥራውን ባሕርይ ያብራራዋል። በቅኔ ወርቁ የተሰወረው ምሥጢር፣ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል ነው። ነገር ግን ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ፣ ለሰሚው ሙሉ ትርጉም ካልሰጠ፣ ወርቁም ምሥጢርነቱ ይቀራል። ቲኾኖቭ ሰሙን አክብሮ ይሠራል። የሚጫወተው በእውነት ሥራውን የሚያውቅ፣ ጨዋ፣ ቁጥብና ብልህ የጀርመን መኰንን ነው። ጠላቶቹ የሚያምኑት ስለሚያሳምን ነው፤ ተመልካቹም የሚፈራለት በዚሁ ምክንያት ነው።

ወርቁ የሚታየው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። የቀይ ጦር በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በየካቲት 23፣ ሽቲርሊትስ ብቻውን በቤቱ ምድጃ ድንች ጠብሶ ይበላል። በዓሉን የሚያውቅለት፣ እንኳን አደረሰህ የሚለው ሰው የለም። ቲኾኖቭ በዚህ ትዕይንት አያለቅስም፣ አይፎክርም፤ ድንቹን የሚበላው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ምግብ ከረጅም ጊዜ በኋላ እንዳገኘ ሰው ነው። የአገር ናፍቆት በንግግር ሊገለጽ የሚችለውን ያህል በአንድ ትኩስ ድንች ተገልጿል።

ከሁሉም በላይ የሚታወሰው በአንድ ቡና ቤት ውስጥ የሚሆነው ነው። ለረጅም ዓመታት ያላያትን ሚስቱን ባልደረቦቹ ከአገሯ አምጥተው ከእርሱ ራቅ ብሎ ከሚገኝ ጠረጴዛ ያስቀምጧታል። መቅረብ አይቻልም፤ መነጋገርም አይቻልም። ለበርካታ ደቂቃዎች የሚሰማው የሚካኤል ታሪቨርዲዬቭ ሙዚቃ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ይተያያሉ፤ ከዚያም እርሷ ተነሥታ ትሄዳለች። በሚስቱ ሚና የተጫወተችው ኤሌኦኖራ ሻሽኮቫ ፊቷ ላይ ብዙ ነገር ይመላለሳል፤ የቲኾኖቭ ፊት ግን ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም። በትያትር መድረክ ይህ ትዕይንት ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ላለው ሰው አይታይም ነበር። በቴሌቪዥን መስኮት ግን አንድ የዐይን ሽፋን መውረዱ የአንድ ሙሉ ገቢር ያህል ክብደት አግኝቷል። በርካታ ደቂቃ ያለ ቃል ለማለፍ ድፍረት ያስፈልጋል፤ ድፍረቱ የአዘጋጇም፣ የሙዚቃ ደራሲውም፣ የተዋናዩም ነው።

ዝምታው ብቻውን እንዳልቆመም መዘንጋት አይገባም። የዬፊም ኮፔልያን የተራኪ ድምፅ የሽቲርሊትስን ሐሳብ ለተመልካቹ ያደርሳል። በዚህ ጊዜ ተዋናዩ የሚነገረውን በፊቱ መድገም ይቀለው ነበር። ቲኾኖቭ ግን ድምፁ ሐሳቡን ሲናገር ፊቱን ለሐሳቡ ዋጋ ይተወዋል። የጌስታፖው አለቃ ሙለር ምድር ቤት አስገብቶ ሲቆልፍበት ይህ በግልጽ ይታያል። የሬዲዮ መገናኛ በያዘ ሻንጣ ላይ የጣቱ አሻራ ተገኝቷል፤ ምክንያት ካላቀረበ ይሞታል። ሽቲርሊትስ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት እንጨቶችን እየደረደረ ያስባል። ተመልካቹ የሚያየው ክብሪትና አንድ ፊት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከብዙ የተኩስ ትዕይንት ይልቅ ልብ ይሰቅላል፤ ምክንያቱም ሰው ሲያስብ ማየት፣ በእርግጥ ካሰበ፣ የሚያጓጓ ነገር ነው።

የደንብ ልብሱ ጥያቄ

ይህ ሁሉ ተብሎ አንድ ከባድ ሂስ ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። ፊልሙ የናዚ ባለሥልጣናትን በሕዝብ ዘንድ በተወደዱ ታላላቅ ተዋንያን አስጫውቷል። ሊዮኒድ ብሮኔቮይ ሙለርን፣ ኦሌግ ታባኮቭ ሼለንበርግን ሆነው ሲቀርቡ፣ ተመልካቹ አስተዋይ፣ ቀልደኛ፣ አልፎ አልፎም የሚወደዱ ሰዎችን አየ። ቲኾኖቭ ራሱ ጥቁሩን የደንብ ልብስ ያለ እንከን ለብሶ ሲራመድ ልብሱ አማረ። በፋሺዝም ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆቿን በቀበረች አገር፣ የገዳዮችን ልብስ ማሳመር ይገባልን የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ጠላትን ቂል አድርጎ መሣል ለተመልካች የሚያስደስት ውሸት መሆኑ እውነት ነው። ቂል ጠላት የገደላቸው ሰዎች ሞት ትርጉም ያጣል፤ ያሸነፉትም ድላቸው ይቀላል። በዚህ ረገድ ሊዮዝኖቫ ትክክል ናት። ሆኖም የሚያምር ክፋት ውበቱ ብቻ ተወስዶ ክፋቱ ሊረሳ ይችላል። ፊልሙ ከዚህ አደጋ የዳነው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው፣ የሬዲዮ ሠራተኛዋን ካት ለማናገር የኤስ ኤስ ሰዎች አራስ ልጇን በብርድ ከተከፈተ መስኮት አጠገብ ሲያስቀምጡ ነው። ሁለተኛው፣ ለስለላ ሥራ ያልተፈጠሩት ደግ ሰው ፕሮፌሰር ፕላይሽነር በስዊዘርላንድ ነጻ አየር ተደስተው የአደጋውን ምልክት ሳያስተውሉ ቀርተው ሲሞቱ ነው። ሦስተኛውም፣ ሽቲርሊትስ ራሱ ጠቋሚውን ክላውስን ተኩሶ ሲገድል ነው። በዚህ የመጨረሻው ትዕይንት ቲኾኖቭ የጀግና ፈገግታ አያሳይም። ግድያው አስፈላጊ ነበር፤ አስፈላጊ መሆኑ ግን ንጹሕ አላደረገውም። ተዋናዩ ይህን ልዩነት ስለጠበቀ የደንብ ልብሱ ውበት በመጨረሻ የሸክም ውበት ሆኖ ይታያል። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል ማለት ግን አይቻልም፤ ልብሱን ብቻ ወድዶ የወጣ ተመልካች አልነበረም ለማለት የሚደፍር ሐያሲ አይኖርም።

በ2009 ፊልሙ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ሲቀርብ ብዙዎች ቅር ተሰኝተዋል። ቅሬታው ተራ የትዝታ ጉዳይ አይደለም። ሊዮዝኖቫ በልብ ወለዱ መካከል የጦርነቱን እውነተኛ የዜና ፊልሞች አስገብታለች። ጥቁርና ነጭ መሆኑ የተፈጠረውንና የተመዘገበውን በአንድ ዓለም ያኖራቸው ነበር። ቀለሙ ሲመጣ ያ አንድነት ላላ፤ ልብሱም ይበልጥ ልብስ ሆነ።

ከሽቲርሊትስ በኋላ

ለዚህ ሥራ ቲኾኖቭ የተከፈለው ክብር ብዙ ነው። በ1974 የሶቪየት ኅብረት የሕዝብ አርቲስት ተባለ፤ በ1982 የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ሆነ። ክብሩ ግን ዕዳም ነበረው። ሕዝቡ ሰውየውን በገጸ ባሕርዩ ስም ማወቅ ጀመረ። የተራኪውን ድምፅ እያስመሰለ ስለ ሽቲርሊትስ የሚነገር ቀልድ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ፤ ፊልሙን ያላዩ ልጆች ሳይቀሩ ቀልዱን አወቁ። አንድ ሚና ተዋናዩን የዋጠበት አጋጣሚ በዓለም ላይ ብርቅ አይደለም፤ ቲኾኖቭ ግን ሳይታገል አልተዋጠም።

በ1975 ቦንዳርቹክ ከሚኻኢል ሾሎኾቭ ድርሰት ባዘጋጀው «ለእናት አገራቸው ተዋጉ» ፊልም በፍንዳታ ጆሮው ደንቁሮ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ከሆስፒታል ወደ ጓዶቹ የሚመለሰውን ወታደር ኒኮላይ ስትሬልትሶቭን ተጫወተ። ያለማመንታት የሚያዘው የሽቲርሊትስ ፊት እዚህ ፈርሷል፤ ዝምታው የብርታት ሳይሆን የቁስል ዝምታ ነው። በ1977 ሮስቶትስኪ ባዘጋጀው «ነጩ ቢም ጥቁር ጆሮ» ደግሞ የጦርነት ቁስል በደረቱ ይዞ የሚኖረውን፣ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ ታማኝ ውሻው በከተማው እየተንከራተተ የሚፈልገውን ሽማግሌ ኢቫን ኢቫኖቪችን ሆነ። ፊልሙ ለኦስካር ሽልማት ታጭቷል፤ ቲኾኖቭም በ1980 የሌኒን ሽልማት አግኝቶበታል። ከውሻ ጋር የሚጫወት ተዋናይ ማስመሰል አይችልም፤ እንስሳው የሚመልሰው እውነተኛውን ድምፅና እውነተኛውን እጅ ብቻ ነውና። ቲኾኖቭ ይህን ፈተናም አልፏል።

ሁሉም ሥራው ግን እኩል አይደለም። በ1984 ከሴሚዮኖቭ ድርሰት በተሠራው «ታስ እንዲያስታውቅ ሥልጣን ተሰጥቶታል» በተባለው ተከታታይ ፊልም የጸጥታ ጄኔራል ሆኖ ሲቀርብ፣ ዝምታው ከልማድ የመጣ ይመስላል። ጄኔራሉ የሚደብቀው ሁለተኛ ሕይወት የለውም፤ ስለዚህ ቁጥብነቱ የሚሸፍነው ነገር አጥቶ ባዶ ክብር ይሆናል። ሰሙ አለ፤ ወርቁ የለም። አንድ ዘዴ በአንድ ሥራ ስለተሳካ በሌላው ይሳካል ብሎ ማመን ታላላቆቹንም እንደሚያሳስት ይህ ሥራ ምስክር ነው።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች በኋላ ቲኾኖቭ ከአደባባይ ራቀ። በ1994 በኒኪታ ሚኻልኮቭ «በፀሐይ የተቃጠሉ» ፊልም በአነስተኛ ሚና ታየ፤ ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ብቻ ሠርቷል። በታኅሣሥ 4 ቀን 2009 በሞስኮ አርፎ በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ተቀበረ።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ዝምታን ከጥፋት መጠበቂያ አድርጎ ያያል። የቲኾኖቭ ሥራ ለዚህ ተረት አንድ ማሳሰቢያ ይጨምርለታል፤ በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን መስኮት ባዶ ዝምታ ይነቅዛል። የልዑል አንድሬይ ዝምታ በከፊል፣ የጄኔራሉ ዝምታ ይበልጡን የነቀዘው ከውስጡ ሐሳብ ስለጎደለ ነው። የመምህሩ የሜልኒኮቭና የሽቲርሊትስ ዝምታ ሳይነቅዝ የቆየው ግን በፍርሃት፣ በናፍቆት፣ በድካምና በኃላፊነት ስለተሞላ ነው። ለቴሌቪዥን የሚሠሩ ወጣት ተዋንያን፣ ለእነርሱ የሚጽፉ ደራስያንና የሚያዘጋጁላቸው ባለሙያዎች ከዚህ ሰው ሥራ የሚማሩት ነገር ቢኖር፣ ተዋናዩን ከማናገራቸው በፊት የሚያስበውን ነገር ሊሰጡት እንደሚገባ ነው።